አቧራ የሌለበት ዲስክ

ሌባው ቴሌቪዥኑን አልነካም። ፕሮጀክተሩም ከነካርቶኑ ተቀምጧል። ሰኞ ማታ በጊቫት ኦልጋ ሰፈር የሽማግሌዎች ክበብ ገብቶ እጁን የሰነዘረው አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፦ ጥግ ላይ ያለው፣ አንድ ቢሮ ሲበቃው የጣለውና ለክበቡ በስጦታ የመጣው አሮጌ ኮምፒውተር። እሱንም ቢሆን ይዞት አልሄደም። ሲስተሙን እንደ አዲስ ጭኖበት፣ መብራቱን አጥፍቶ፣ በሩን ቆልፎ ወጣ።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ዓይነት ሌባ አይቻለሁ። ሰው ቤት ገብቶ ኮምፒውተር አስተካክሎ የሚወጣ ግን አይቼ አላውቅም።

ሬኡት እባላለሁ፤ እስራኤል ውስጥ የሐደራ ከተማ ፖሊስ መርማሪ ነኝ። ጣቢያው ውስጥ አማርኛ የምትችል መርማሪ እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ አማርኛ የሚሸት ፋይል ሁሉ ዞሮ ዞሮ ጠረጴዛዬ ላይ ይወድቃል። ቅር አይለኝም ብል ውሸት ነው። ዝርፊያና ግድያ ለሌላው፣ የክበብ ኮምፒውተር ለእኔ። በዚህ ስሜት ነው የሄድኩት።

«ሬኡትዬ፣ እይው እስቲ» አለችኝ የክበቡ ኃላፊ ሸጊቱ፣ ማሽኑን እንደ ሬሳ እያሳየችኝ። «አካሉ አለ፤ ነፍሱ የለችም። የሽማግሌዎቹ ሃክላታ በሙሉ ጠፍቷል።»

ሃክላታ ያለችው ቅጂውን ነው። ሃሬል የሚባል የፊልም ተማሪ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አስቀምጦ፣ ከጎንደር ወጥተው በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል እንዴት እንደመጡ ሲናገሩ ቀርጿቸው ነበር። ከሁሉም ረጅሙ የጋሼ ፈጠነ ነው። እሳቸው ተቀርጸው ብዙ ሳይቆዩ ስትሮክ መታቸውና አንደበታቸው ተያዘ። የፊታችን እሑድ ደግሞ ሰፈሩ ተሰብስቦ የእሳቸውን ታሪክ ሊያይ ቀጠሮ ተይዟል።

«ሌላ ቅጂ የለም?»

«መሳቢያው ውስጥ በዲስክ ኦን ኪ፣ በፍላሽ፣ የተቀዳ ነበር። እሱንም ወስዶታል።»

«ካሜራው ላይስ?»

«ሃሬል ደጋግሞ ቀርጾበታል። የለም።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «የሌሎቹን እንደገና እንቀዳለን። ጋሼ ፈጠነን ግን ድጋሚ ይናገሩ አይባል ነገር። ከጠፋ ጠፋ ማለት ነው።»

በሩ አልተሰበረም። ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ጠየቅኋት።

«የውሃ ቆጣሪው ሳጥን ውስጥ።»

«ማን ማን ያውቃል?»

«ማን አያውቅም ብትዪኝ ይሻላል።»

ኮምፒውተሩን በቅርብ የነኩትን ስጠይቃት በጣቷ ቆጠረችልኝ፤ እሷ፣ ሃሬል፣ ራዲዮ የሚያዳምጡት ሽማግሌዎች። «ብንያምም ለእሑዱ ዝግጅት ድምፁን ሊሞክርልን መጥቶ ነበር። ማሽኑን የሰጠንም እሱ አይደል፤ የእማማ ጥሩአለም ልጅ።» በስጦታ የሰጠን ሰው ማን ይጠረጥራል? እኔም ዘለልኩት።

ኮምፒውተሩን ጣቢያ አምጥቼ ለዳፍና ሰጠኋት። ዳፍና የጣቢያችን ባለሙያ ናት፤ ሰው ስታናግር ይሰለቻታል፣ ማሽን ስትፈታ ግን ታፏጫለች። ጎኑን ከፍታ ስታፏጭ ቆየችና ድንገት አቆመች።

«ነይ እዪ። ምን ይታይሻል?»

«አቧራ።»

«የቱ ላይ የለም?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ማራገቢያው በአቧራ ተሸፍኗል፤ ሽቦዎቹ ግራጫ ጸጉር አብቅለዋል። ዲስኩ ግን ንጹሕ ነው።

«ይሄ የተደመሰሰ ዲስክ አይደለም» አለች። «ሌላ ዲስክ ነው። የድሮውን ፈትቶ ወስዶ፣ በቦታው ይሄን አስገብቶ፣ ከዚያ ነው ሲስተም የጫነበት።»

«መደምሰሱ አይቀልም ነበር?»

«እንዴት አይቀልም! ቁጭ ብሎ አንድ ሁለት ቁልፍ መጫን ነው። ይሄ ሰውዬ ግን ብሎን ሲፈታ ነው ያመሸው። እና ደግሞ ይሄን እዪ።»

ስክሪኑን አበራችው። ፊደሉ ሁሉ ትልልቅ ነው። የአማርኛ መጻፊያ ተጭኗል። መሃል ላይ፣ ዓይን እንዳይስተው ሆኖ፣ የአማርኛ ራዲዮ መክፈቻ ተቀምጧል። የመዳፊቱ ቀስት የሕፃን ጣት ያህል ወፍራም፣ ቢጫ ነው።

«ይሄ ከሲስተሙ ጋር አይመጣም። ሰው ተቀምጦ አንድ በአንድ አዘጋጅቶታል። ፕሪንተሩን እንኳ አስገብቶላቸዋል።»

ወዲያው ለሸጊቱ ደወልኩ። «በፊትም ቀስቱ ቢጫ ነበር?»

«ኧረ የለም! ሁሉ ነገር በዕብራይስጥ፣ ፊደሉም ትንንሽ ነበር። ሽማግሌዎቹ እኔን ነበር የሚያስከፍቱኝ። ዛሬ ጠዋት ግን አንቺ ሳትመጪ ብቻቸውን ከፈቱት፤ ሳቅሁ እኮ፣ በሐዘን መሃል።»

ስልኩን ዘግቼ ብዙ አሰብኩ። ይህ ሰው ቅጂው ከዚያ ክፍል እንዲወጣ ይፈልጋል፤ እንዲሞት ግን አይፈልግም። ሽማግሌዎቹንም ይወዳቸዋል። እንዲህ ያለ ሌባ ከማሳደድ ሌላውን ብይዝ ይሻለኝ ነበር፤ ሌላውን ስይዝ ቢያንስ ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ ሃሬል ላይ ነበር። ፊልሙ የእኔ ነው፣ የክበቡ ነው እያሉ ከሸጊቱ ጋር ተጣልተው ነበር። ገበያው ውስጥ፣ የአጎቱ የአትክልት ድንኳን ጀርባ አገኘሁት፤ የወታደር ቦርሳው ገና ትከሻው ላይ ነው።

«ሰኞ ማታ የት ነበርክ?»

«ሚሉኢም ላይ፣ የተጠባባቂ ጦር ግዳጅ፣ ሰሜን። ከፈለግሽ ለአዛዤ ደውዪለት። ዛሬ ጠዋት ነው የተለቀቅሁት።» ደወልኩ፤ እውነቱን ነው። «እኔ ልሰርቀው? ሐይም ሼሊ ነው እኮ ያ ፊልም፣ ሕይወቴ!»

«ጋሼ ፈጠነ ምን ነበር የተናገሩት?»

አንገቱን ደፋ። «ቤኤሜት? እውነቱን ልንገርሽ? በደንብ አላውቅም። የእኔ አማርኛ "ብላ፣ ተኛ" ነው። ካሜራውን አስተካክዬ እሳቸው ሲያወሩ ዝም ብዬ አያቸዋለሁ። ያለቅሳሉ፣ እኔም አለቅሳለሁ። ትርጉሙ ከእሑድ በኋላ ይሠራል ብለን ነበር።»

«ታዲያ ማን ነው እስከ መጨረሻ የሰማው?»

«እስካሁን? ማንም።»

አንድ ሰው ግን ሰምቷል ስል አሰብኩ፤ ካልሰማ አይሰርቅም።

ከክበቡ ፊት ለፊት፣ ምድር ቤት፣ እማማ ጥሩአለም ይኖራሉ። ወንበራቸው መስኮቱ ሥር ነው፤ የፀጥታ ካሜራ የሌለው ሰፈር እሳቸው አሉት። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ባቄላ እየፈለፈሉ ተቀበሉኝ።

«ያንቺ እናት ደኅና ናት? አሁንም አላገባሽም አሉ።»

«ደኅና ናት፣ እማማ። አላገባሁም። ክበቡ የሚገባ የሚወጣ ሰው አይተዋል?»

«የፈጠነ ልጅ ትሂላ ትገባለች። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ብቻዋን። ልጅቷን ግን እንዳትነኪያት፤ የአባቷ አንደበት ቢያዝባት ጊዜ ነው።»

«ሰኞ ማታስ?»

ባቄላውን ትክ ብለው አዩት። «ሰኞ ዓይኔ ደክሞኝ በጊዜ ተኛሁ። ልጄም ሥራ በዝቶበት አልመጣ፤ ብቻዬን ነበርኩ።»

ትሂላ ነርስ ናት። አባቷን ቤቷ ወስዳ ታስታምማለች። ጋሼ ፈጠነ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው፣ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደተጣለ፣ ዓይናቸው ብቻ እየተከተለኝ አገኘኋቸው። ጎንደር ውስጥ ሰው ሲዳኙ የነበሩ፣ ሲናገሩ ሰፈሩ ጸጥ የሚልላቸው ሰው ናቸው።

«አዎ፣ እገባ ነበር» አለች ትሂላ፣ ሳትደብቅ። «ድምፁን ልሰማ። ፊቴ ተቀምጦ አንዲት ቃል አያወጣም፤ እዚያ ስሄድ ግን ያወራኛል። ከመጀመሪያዋ ቃል አልፌ አላውቅም፤ "ስሜ ፈጠነ ነው" ሲል ማልቀስ እጀምርና እዘጋዋለሁ።» እጄን ያዘችኝ። «አግኚልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ሌባውን ብትለቂውም ግድ የለኝም፤ ድምፁን ብቻ።»

ወደ ጋሼ ፈጠነ ዞርኩ። «አባባ፣ በራስዎ ቢነቀንቁልኝ ይበቃኛል። ማን እንደወሰደው ያውቃሉ?»

ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ።

«በታሪኩ ውስጥ፣ ዛሬ እዚህ ኦልጋ ያለ ሰው ሲሰማው የሚጎዳበት ነገር አለ?»

ግራ እጃቸው ቀስ ብላ ተነሳችና አፋቸውን ሸፈነች። እንባቸው በጣታቸው መሃል ወረደ። ትሂላ ደንግጣ «አባዬ!» አለች። እኔ ማስታወሻዬን ዘግቼ ወጣሁ።

በማግሥቱ ብንያም ጋ ኢንዱስትሪ ዞን ሄድኩ። ልጠረጥረው ብዬ ሳይሆን፣ ለእንዲህ ያለ አሮጌ ማሽን የሚሆን ዲስክ ከየት ይገኛል ብዬ ልጠይቀው ነበር። ሱቁ ከበር እስከ ጣራ የተፈቱ ኮምፒውተሮች ነው፤ ማንም የጣለውን እሱ ያነሳል። እሱ ራሱ አርባዎቹን የጀመረ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው።

«ተቀመጪ፣ እህቴ። እዚህ የተቀመጠ ሰው ከቆሻሻው የተነሳ ጥቁር ሆኖ ነው የሚነሳው፤ እኛ ግን አይታወቅብንም» ብሎ ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ከጀርባው የበራውን ስክሪን አየሁና ሳቄን አቋረጥኩ። ትልልቅ ፊደል። መሃል ላይ ራዲዮ። ወፍራም ቢጫ ቀስት።

«ይሄ የማን ነው?»

«የአንድ ሽማግሌ፣ ከሰፈራችን።»

«ቀስቱ ለምን ቢጫ ሆነ?»

«እናቴ ነጩ ይጠፋባት ነበር። ለእሷ እንዲህ ካደረግሁላት ወዲህ ለሽማግሌ ሁሉ...» አለና ቆመ። ምን እንደተናገረ ገባው።

«ብንያም፣ ሰኞ ማታ የት ነበርክ?»

«እናቴ ጋ። እራት በላን።»

«እናትህ ልጄ አልመጣም፣ ብቻዬን ነበርኩ ብለውኛል።»

መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ተነሳ፣ ከመደርደሪያው ውስጥ በንጹሕ ፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣና ፊቴ ፈታው። ዲስኩ ነው፤ ከጎኑም ዲስክ ኦን ኪው።

«አልደመሰስኩትም» አለ። «የጋሼ ፈጠነ ድምፅ ነው። እጄ እንዴት ይታዘዝልኛል?»

«ታዲያ ለምን?»

«ድምፁን ስሞክር ዝም ብዬ መሃሉ ላይ ከፈትኩት። "የጥሩአለምን ልጅ፣ መኮንንን፣ በእጄ ቀበርኩት" ይላል። መኮንን ታላቅ ወንድሜ ነው።» ፊቱን በክርኑ ጠረገ። «እኔ እንደሞተ አውቃለሁ፤ አባቴ ሊሞት ሲል ነግሮኛል። እናቴ ግን እስካሁን መርዶውን አልተረዳችም።»

«አርባ ዓመት ሙሉ?»

«አርባ ዓመት ሙሉ። ሱዳን ሲደርሱ እኔ ጡት ላይ ነበርኩ። ብትረዳ ወተቷ ይነጥፋል፣ ሕፃኑም ይከተላል አሉ ሽማግሌዎቹ። መኮንን ከዘመድ ጋር ወደ ሌላ ካምፕ ሄዷል፣ ይመጣል ተባለች። እስራኤል ስንገባ ይነገራታል ተባለ። ስንገባ ሆስፒታል ተኛች። ዳነች፤ አባቴ ሞተ። በሐዘን ላይ ሐዘን አይነገርም ተባለ። ከዚያ አንዱ ሌላው ነግሯታል ብሎ ሲያስብ፣ ሌላው ያኛው ነግሯታል ሲል፣ ነጋሪው ጠፋ።»

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ማን ያጣዋል? ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሳይቀድ በሩን አንኳኩቶ፣ ዘመድ ግራና ቀኝ ይዞ ነው። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የምንወደው ሰው እንዳይሰበር ነው የምናደርገው። እዚህ ግን ጥንቃቄው ራሱ ሴትዮዋን አርባ ዓመት መንገድ ሲያስጠብቃት ኖረ። ተናደድኩ፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

«እሑድ እናቴ ፊት ወንበር ላይ ናት» አለ ብንያም። «ከድምፅ ማጉያ ትረዳ? በሕዝብ መሃል?»

«ለሸጊቱ ነግረሃት ብታስቆርጠውስ?»

«ለሸጊቱ ከነገርኩ በማግሥቱ ኦልጋ በሙሉ ያውቃል። እና ደግሞ...» ድምፁ ሰለለ። «በእኔ ምክንያት እኮ ነው። እኔን እንድታጠባ ተብሎ ነው ልጇን ሳታለቅስ የቀረችው። ይህን እንዴት አድርጌ ልንገራት?»

«ኮምፒውተሩንስ ለምን አሳምረህ ሄድክ?»

«ሽማግሌዎቹ ጠዋት መጥተው ባዶ እንዲያገኙ? እፍረት ነው።»

እሱን መያዝ ነበረብኝ። ያልኩት ግን ሌላ ነው። «ዲስኩ ዛሬውኑ ለትሂላ ይመለሳል። ከጠፋ ጀምሮ ስታለቅስ ነው ያለችው፤ አንተ እናትህን ስታድን የእሷን አባት ቀብረህባታል።» ይህን አላሰበበትም ነበር፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «እናትህም ከእሑድ በፊት ይረዳሉ። አንተ ሽማግሌዎቹን አምጣ። ጋሼ ፈጠነን እኔ አመጣለሁ።»

ሸጊቱ ነገሩን ስትሰማ ክሷን አነሳች፤ ለአንድ ሰው እንኳ አልተነፈሰችም፤ በከንቱ አምተናት ነበር። አለቃዬ ኢታን ፋይሉን ሲዘጋ «ምንድነው የተሰረቀው በመጨረሻ?» ብሎ ጠየቀኝ። «መርዶ» አልኩት። የዕብራይስጥ ቃል አላገኘሁለትም።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ከእማማ ጥሩአለም በር ላይ ቆምን። የቤተ እስራኤሉ ቄስ ከፊት፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ትሂላ የአባቷን ወንበር እየገፋች፣ ብንያም፣ ከኋላ እኔ። ባሕሩ ከሩቅ ይሰማል። ቄሱ አንኳኩ።

እማማ ጥሩአለም ከፈቱ። አንድ በአንድ አዩን። ዓይናቸው ጋሼ ፈጠነ ላይ ሲደርስ ቆየ።

«መጣችሁ?» አሉ።

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጥሩአለም፣ እንግዲህ የእግዚአብሔር ፈቃድ...»

«ቆዩ፣ አባ» አሉ እማማ። «መጀመሪያ እኔ ልናገር። ያን ቀን ፈጠነ ወደ ድንኳኔ ሲመለስ እጁ አፈር ነበር። ውሃ አጥቶ አልታጠበውም። "መኮንን ከዘመድ ጋር ሄዷል" ሲለኝ እጁን ከኋላው ደበቀ። ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።»

ጋሼ ፈጠነ እንደ ሕፃን ያለቅሱ ጀመር።

ብንያም ግድግዳውን ያዘ። «እማዬ... ታውቂያለሽ? ታውቂያለሽና ዝም አልሽ?»

«አንተ ጡቴ ላይ ነበርክ። ባለቅስ ወተቴ ይነጥፋል፣ አንተንም አጣሃለሁ አልኩ። አንተ ደግሞ አድገህ በእኔ ምክንያት ትል ነበር።» ልጃቸውን በስስት አዩት። «ሰኞ ማታ ክበቡ ስትገባ በመስኮት አየሁህ። ልጄም ደግሞ መርዶውን ከእኔ ሊሸሽግ ነው አልኩ። ለፖሊሷም ተኝቼ ነበር አልኳት። ይቅር በዪኝ፣ ልጄ።»

«ታዲያ አርባ ዓመት ለምን ብቻሽን?»

«ሳይረዱ ይለቀሳል ወይ? ብቻዬን ብጮህ ሰው አበደች ይለኛል። ማን መጥቶ ይቀመጥልኛል? ማን ስሙን ይጠራልኛል? በየዓመቱ በዓል ሲመጣ፣ ሠርግ ሲሆን፣ ዛሬ ይመጡ ይሆን እያልኩ በዚህ መስኮት ጠበቅኋችሁ። እሱን አይደለም የጠበቅሁት። እናንተን ነው።»

ቄሱ መሬት መሬት አዩ። እማማ ጥሩአለም ወደ ውስጥ ገቡና አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን አውርደው አጠገባቸው አኖሩ።

«በሉ» አሉ። «እንግዲህ ንገሩኝ።»

ቄሱ ወደ ብንያም አዩ። እኔም አየሁት። ብንያም ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የእናቱን ሁለት እጆች ያዘ።

«እማዬ» አለ። «መኮንን ሞቷል።»

እማማ ጥሩአለም ጮኹ። ገና ዛሬ እንደሰማ ሰው ጮኹ፤ ደረታቸውን መቱ፣ ስሙን ጠሩ። የጎረቤት መብራት አንድ በአንድ በራ፤ ሴቶቹም ነጠላቸውን እያጣፉ ሮጠው መጡ።